አዲሶቹ ጎማዎች፦ ከፊት ወይስ ከኋላ?

ወገቤ አልታዘዝ ብሎኝ ሥራ ካቆምኩ ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ «እንኳን አረፍክ፣ አያሌው!» ይለኛል። ምን ዕረፍት አለ! ቤቴ ድረስ እየመጡ «እስቲ ይችን ጎማ እያት» የሚሉኝ አላለቁም። አንዳንዱ ደግሞ ስልኩን አውጥቶ የጎማ ፎቶ ያሳየኛል። ጎማ በፎቶ ይመረጣል እንዴ? ዶሮ እንኳ ስትገዛ ተገላብጣ፣ ደረቷ ተዳብሶ ነው። እቆጣለሁ፤ ተቆጥቼ ስጨርስ ደግሞ መነጽሬን አምጡልኝ እላለሁ።

ዕድሜዬን የፈጀሁት በጎሚስታነት ነው፤ ግማሹን ቢቸና፣ ግማሹን ሞጣ። ብዙ ሰው ጎሚስታ ሲባል የተነፈሰ ጎማ ለጥፎ ነፋስ የሚሞላ፣ ልብሱ የጠቆረ ሰው ብቻ ይመስለዋል። የልብሱስ እውነት ነው፤ ባለቤቴ የኔን ልብስ ለብቻው ስታጥብ ነው የኖረችው። ክፍያውም ቢሆን ልጆች አሳደገ እንጂ ፎቅ አልሠራም። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ መኪና የፈለገውን ያህል ቢገዝፍ መሬት የሚነካው አራት መዳፍ በምታህል ቦታ ነው። ሞተሩ ቢያገሳ፣ ፍሬኑ ቢጠነክር፣ ሁሉም በዚያች በኩል ነው የሚያልፈው። ይህን ያስተማሩኝ ጋሽ ይስማው ናቸው።

ጋሽ ይስማው ቢቸና መግቢያ ላይ፣ ዋናው መንገድ ዳር የጎማ ቤት ነበራቸው። ረዥም፣ ቀጭን፣ ባርኔጣ ከራሳቸው የማይለይ ሰው ናቸው። መጀመሪያ የገረመኝ ነገር ጎማ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና መታጠባቸው ነበር። ደንበኛው ይስቃል። «ጋሽ ይስማው፣ ጎማ እኮ ነው! መልሶ ሊያቆሽሽዎት?» ይላቸዋል። «እጄ ቅባት ከያዘ ጎማው የሚለኝን አልሰማም» ይሉታል፤ ቀልድ አልነበረም።

ከዚያ ዓይናቸውን ይጨፍኑና መዳፋቸውን በጎማው ጥርስ ላይ ወደ ፊት አንዴ፣ ወደ ኋላ አንዴ ያሳልፋሉ። ወደ ፊት ለስልሶ ወደ ኋላ ከሻከረ መኪናው እግሩን አንጋዶ ነው የሚሄደው ማለት ነው። «ሂድ፣ መጀመሪያ መሪውን አስተካክለህ ና፤ አለዚያ አዲሱንም ትበላዋለህ» ብለው የመጣ ገበያ ይመልሳሉ። እኔ አንጀቴ እርር ይላል። «ምነው ጋሽ ይስማው፣ ሊገዛ የመጣን ሰው!» ስላቸው «ዛሬ ባልሸጥለት ነገ ይመርቀኛል» ይሉኝና ወደ ሥራቸው። ደግሞም እውነት፣ እየተመለሰ ይመርቃቸው ነበር።

ጎማ ሲያስመርጧቸው «ቁጥሩ ስንት ነው?» ብለው አይጀምሩም። «ማንን ይዘህ ነው የምትሄድ? በየት በኩል?» ነው ጥያቄያቸው። ከባለመኪናው ጎን ቁጭ ብለው እስከ ከተማው ጫፍ አብረው ይሄዳሉ። መንገዱን አያዩም፤ የሰውየውን እግር ነው የሚያዩት፤ ፍሬን እንዴት እንደሚረግጥ፣ ነዳጅ እንዴት እንደሚሰጥ። ሲመለሱ «ለዚህ ሰው ይሄኛው ይሆነዋል» ይሉኛል። በዚህ ሁሉ ዘመን ከሳቸው ወዲህ እንዲህ የሚያደርግ ጎሚስታ አላየሁም።

አንድ የማትነካ ሕግ ነበረቻቸው። ሁለት አዲስ ጎማ ከመጣ የሚገባው ከፊት ነው። በወጣትነታቸው ረዳት ሆነው የሚሠሩበት አውቶቡስ የፊት ጎማው ፈንድቶ፣ ሾፌሩ መሪውን መቆጣጠር አቅቶት፣ ገደል አፋፍ ላይ ነው የቆመው። የኋላው ሲፈነዳ ግን ጎኑ ሌላ ጎማ አለ፤ ጭነቱም ይጫነዋል፤ ሾፌሩ ቀስ አድርጎ ያቆማል። እኛ አገር የነበረው መኪና ሁሉ አውቶቡስና የጭነት መኪና ነው፤ ስለዚህ የሁሉም ጎሚስታ ሕግ ይኸው ሆነ። እኔም ተቀብዬ ኖርኩ፤ ማን ይጠይቃል?

ሚስቴ የሞጣ ልጅ ናትና ወደዚያው ተዛወርኩ። የገባሁት አቶ ላቀው ከሚባሉ የጎማ ነጋዴ ዘንድ ነው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሠራተኛ ሳይበላ አይበሉም። ጎማ ግን አያውቁም። በጥቁር ቀለም ያብሱትና «እያት፣ እንደ መስተዋት!» ይላሉ። ገዢው ጥርጣሬ ካሳየ በጎማው ላይ የቆሙትን የላስቲክ ጸጉሮች ያሳዩታል፤ «ጸጉሩ እንኳ አልረገፈም፤ አዲስ ነው» ይሉታል። ሰው ሁሉ በዚህ ነበር የሚሸነፈው። ጸጉሩ መሬት አለመንካቱን እንጂ ዕድሜውን አይናገርም። ዕድሜውን የሚናገሩት በጎኑ ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች ናቸው፤ የፊቶቹ ሁለቱ የተሠራበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ዓመቱን። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተኝቶ የከረመ ጎማ በጥፍር ሲጫኑት እንደ ደረቀ ቆዳ ነው፤ እሺ አይልም። ይህን ስላቸው «ጎማ ስንዴ ነው እንዴ የሚነቅዝ!» ብለው ይስቁብኝ ነበር።

እንዲህ እያልን አስፋልቱ ገባ። ከአስፋልቱ ጋርም ያቺ ቀይ መኪና መጣች።

ባለቤቱ ደረጀ የሞጣ ልጅ ነው፤ ድሮ ሚኒባስ ይነዳ ነበር። ያለውን ሁሉ አሟጥጦ ከአዲስ አበባ ያመጣት ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ሆዷ መሬት ልትነካ የደረሰች፣ ከጭራዋ ላይ ክንፍ ያወጣች የሽቅድምድም መልክ ያላት መኪና ናት። የሚሠራባት ለሙሽራ ነው። ወይ ጉድ! ሙሽሪት ያን ሁሉ ቀሚስ ይዛ በዚያች በር ስትገባ ማየት ነበር። ሚዜዎቹ ከኋላ ይገፏታል፣ ሙሽራው ከውስጥ ይጎትታታል፣ እናቷ «ኧረ ቀሚሷን!» እያለች ትጮኻለች። ሆኖም ከሞጣ እስከ ቢቸና፣ ከዚያም አልፎ እስከ ሉማሜ የሚያገባ ሁሉ እሷን ካልያዘ ያገባ አይመስለውም ነበር። ደረጀም እናቱን የሚጦረው፣ ታናናሾቹን የሚያስተምረው በዚችው ነው።

ጎማዎቿ ሲደክሙ እኛ ዘንድ መጣ። አቶ ላቀው ወፍራም የሚኒባስ ጎማ አውጥተው «ይሄን ግጠምላት፤ አንተን ይቀብርሃል እንጂ አያልቅም!» አሉት። ብገጥመው እንኳ ከፍ ስለሚል መሪ ሲዞር አካሏን ይፍቃል። ደረጀን ወደ ጎን ጠራሁና «ጋሽ ይስማው ዘንድ እንሂድ» አልኩት።

ጋሽ ይስማው እጃቸውን ታጠቡ፤ መኪናዋን ዞረው አዩ፤ ረዥም እግራቸውን አጣጥፈው ገቡና ከደረጀ ጋር ሄደው ተመለሱ። «እግሩ ረጋ ያለ ነው፤ ሙሽራ መያዙን ያውቃል» አሉኝ። ከዚያ ለደረጀ እየቆጠሩ ነገሩት። ላስቲኩ ለስለስ ይበል፤ መሃሉ ላይ ውኃ የሚያስወጣ ሰፊ ቦይ ይኑረው፤ ጎኑ ቀጭን ነውና ነፋሱን ሳትለካ መንገድ እንዳትወጣ፤ በጎኑ ያለው፣ ስንት ፍጥነት እንደሚችል የሚናገረው ፊደል ከመኪናዋ ጉልበት አይነስ፤ ዕድሜውን ደግሞ አያሌው ያንብብልህ።

«ለስላሳ ከሆነ ቶሎ ያልቅብኛላ፣ ጋሽ ይስማው» አለ ደረጀ።

«ቶሎ የሚያልቀው መሬቱን ስለሚይዝ ነው። አንተ እንዲይዝልህ ነው ወይስ እንዲከርምልህ የምትፈልግ?»

ደረጀ ሳቀና «እንዲይዝልኝ» አለ።

ደብረ ማርቆስ ድረስ ሄደን የተገኘው ሁለት ብቻ ነው። ግን ምን ዓይነት ጎማ! በጥፍሬ ስጫነው እሺ ይላል፣ ቦዩ ጥልቅ ነው፣ በጎኑ ላይ ወዴት መዞር እንዳለበት የሚያመለክት ቀስት አለው። ጋሽ ይስማው በመዳፋቸው ዳብሰው «ጎሽ፣ ይሄ ጎማ ነው» አሉ። ከዚያም በዘመናቸው ሁሉ እንዳደረጉት ሁለቱን ከፊት ገጠሙ። የደከሙት ከኋላ ቀሩ።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ የሠርጉ ወራት ገባ። አቶ ተሻለ የሚባሉ የሞጣ እህል ነጋዴ ልጃቸውን ይታይሽን ለግንደወይን ልጅ ዳሩ። ቀይዋ መኪና ሙሽሮቹን ይዛ ከሞጣ እንደወጣች ያልታሰበ ዝናብ ወረደ። ቁልቁለቱ ላይ ካለች መታጠፊያ ስትደርስ ጭራዋ ከመንገድ ወጣ፤ መኪናዋ ዞረችና በጎኗ ከአፈር ግድግዳው ጋር ተላተመች። እግዜር አተረፋቸው። ግን ይታይሽ ቀሚሷ እንዳይጨማደድ ብላ ቀበቶ አላሰረችም ነበርና የትከሻዋ አጥንት ተሰበረ። ዘፈኑ ለቅሶ ሆነ። ሙሽሪት ባሏ ቤት ሳትደርስ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች።

ከዚያ የመጣው ቁጣ ሁሉ ያረፈው በደረጀ ላይ ነው። አቶ ተሻለ «ጥጋበኛ! ልጄን ሊገድል ነበር! እስር ቤት ካልከተትኩት ተሻለ አልባልም!» እያሉ ከተማውን አናወጡት። ደረጀ «በማርያም፣ ቀስ ብዬ ነበር የምነዳው» እያለ ቢምል ማን ያምነዋል? «ቀይ መኪና ይዞ፣ ክንፍ ያላት መኪና ይዞ፣ ቀስ ብዬ ነዳሁ ይላል!» እያሉ ይስቁበታል። ሙሽራው እንኳ «አልፈጠነም» ቢል «አንተ ሙሽሪትን ነው የምታይ የነበርክ፣ ምን ታውቃለህ» አሉት። ጉዳዩ ወደ ሕግ ከመሄዱ በፊት ሽማግሌዎች ቅዳሜ ከሰዓት ሊቀመጡበት ተወሰነ። ካልተስማሙ የደረጀ መንጃ ፈቃድም መኪናዋም መሄዳቸው ነው፤ እስራቱም አይቀርለትም።

ለጋሽ ይስማው ደወልኩ። በማግስቱ በመጀመሪያው መኪና ከቢቸና መጡ። ደረጀ ግቢ ውስጥ ጎኗ የተጨራመተውን መኪና ዞረው አዩ፤ ፊት ሁለቱን ዳሰሱ፣ ኋላ ሁለቱን ዳሰሱ። ከዚያ ደረጀን ጠየቁት።

«መሪውን ስትጠመዝዝ ፊቷ አልዞርም አለህ?»

«ኧረ ፊቷስ እሺ ብሎኝ ነበር። እንዳልኳት ዞረች። ጭራዋ ናት ጥላኝ የሄደችው።»

ጋሽ ይስማው መሬት ላይ በተጋደመ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አሉ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሲያወልቁ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

«እኔ ነኝ» አሉ።

«ምኑን ነው እርስዎ የሆኑት?» አልኳቸው።

«እኔ ነኝ የጣልኳት። ይች አውቶቡስ አይደለችም። ጭነት የላት፣ ጎን ለጎን የተደረበ ጎማ የላት፣ ጭራዋ ባዶ ነው፤ ሞተሯም የሚገፋት ከኋላ ነው። ጥሩውን ጎማ ከፊት ሰጥቼ ደካማውን ከኋላ ተውኩት። ፊቷ ዝናቡን ያዘው፤ ኋላዋ አልያዘውም። የልጁ እግር ምንም አላጠፋ።»

እኔ ደነገጥኩ። «ተዉ እንጂ ጋሽ ይስማው! ማን ጠየቀዎት? ዝናብ ነው፣ የእግዜር ነገር ነው። እዚያ ሄደው ይህን ቢያወሩ ስምዎ ይጠፋል፤ ከቢቸና እስከ ሞጣ ማን ጎማውን ይሰጥዎታል?»

ቀና ብለው አዩኝ፤ ተቆጥተው ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። «ልጁ ሊታሰር ነው እኮ፣ አንተ! ስሜን ይዤ ምን ላድርገው?»

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ አቶ ተሻለ ግቢ ተሰበሰቡ። ደረጀ አንገቱን ደፍቶ ጥግ ቆሟል፤ እናቱ ከበሩ ውጭ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠምጥማ ታለቅሳለች። ጋሽ ይስማው ሳይጠሩ ተነሡና ያሉኝን ሁሉ ቃል በቃል ተናገሩ።

አቶ ተሻለ ግን አልተዋጠላቸውም። «እርስዎ የተከበሩ ሰው ነዎት፤ ልጁን ለማዳን ብለው ነው» አሉ። «ጎማ ከፊት ሆነ ከኋላ፣ ያው ጎማ አይደለም እንዴ?»

«አይደለም። በዓይንዎ ይዩት።»

እዚያው ግቢ ውስጥ ያለው የአቶ ተሻለ የእህል ማራገፊያ ሰፊ የሲሚንቶ ሜዳ ነው። ጋሽ ይስማው ቀይዋን መኪና አስገቡ፤ ውኃም በበርሜል አስመጥተው ሜዳው ላይ አስፈሰሱ። ከዚያ ለአቶ ተሻለ በሩን ከፍተው «ከደረጀ ጎን ይቀመጡ፤ ቀበቶውንም ይሰሩ፤ የሚነዳበትን ፍጥነት እርስዎ ራስዎ ይመልከቱ» አሏቸው። ሰውየው ለማፈር አልፈለጉም፤ ገቡ። ደረጀ ሰው እየሮጠ ሊቀድመው በሚችል ፍጥነት ሄዶ፣ እርጥቡ ላይ ሲደርስ መሪውን ጠመዘዘ። ጭራዋ ፈትለክ አለና መኪናዋ ዞራ ፊቷን ወደ መጣችበት በር አድርጋ ቆመች። ከውስጥ «በስመ አብ!» የሚል ጩኸት ተሰማ።

«አይውረዱ» አሉ ጋሽ ይስማው። «አያሌው፣ የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት።»

ክሪኩን ከትቼ ብሎኖቹን ስፈታ የሰው ሁሉ ዓይን እጄ ላይ ነው። እንደዚያን ቀን የተጠነቀቅኩበት ጎማ የለም። ሜዳው እንደገና ውኃ ተደፋበት፤ ደረጀ በዚያው ፍጥነት መጣ፤ በዚያው ቦታ ጠመዘዘ። መኪናዋ አጉረመረመች፣ ፊቷ ትንሽ ወደ ውጭ ሰፋ አለ፤ ጭራዋ ግን ተከተላት። ዝግ አለችና ቆመች።

አቶ ተሻለ ወረዱ። ጫማቸው ውኃ ውስጥ እንዳለ ረሱት፤ መኪናዋን ያያሉ። ከዚያ ወደ ደረጀ ዞሩ። «ጥጋበኛ ብዬህ ነበር፣ ልጄ። በአደባባይ ነው ያልኩህ፤ በአደባባይ ይቅር በለኝ» አሉት። ደረጀ ጉልበታቸው ሥር ወደቀ፤ እናቱ ከውጭ ሆና እልል አለች። እኔም ዓይኔ እንባ ሞልቶ ብሎን መፍቻውን የት እንደጣልኩት አላውቅም።

ጋሽ ይስማው ግን አልጨረሱም። ወደ በረንዳው ሄዱ። ይታይሽ ክንዷን በነጠላ አስራ እዚያ ተቀምጣ ሁሉን ታይ ነበር። ባርኔጣቸውን ይዘው ጎንበስ አሉላት።

«ልጄ፣ ትከሻሽን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ። ከእንግዲህ እጄ ጎማ አይነካም።»

«ይቅር ብያለሁ፣ አባቴ» አለች።

ጋሽ ይስማው ቢቸና ተመልሰው ቤታቸውን ዘጉ። እውነት ዘጉ! ደንበኛው በሩን አንኳኩቶ ይመለሳል። ብደውል «ተወኝ» ይሉኛል። ቅስማቸው ተሰብሮ ነበር። ዕድሜ ልክ ሰው ያመነበት እጅ እንዲህ ቤት ውስጥ ታጥፎ ሲቀር እንቅልፍ ነሳኝ።

የይታይሽ ትከሻ ሲድን የሠርጉ ጉዞ እንደገና ተቀጠረ። የሙሽራው ወገኖች «በሌላ መኪና ትምጣ፤ ያቺ ቀይ ገዷ መጥፎ ነው» ብለው ላኩ። አባቷም ሌላ መኪና ሊያዙ ሲሉ ይታይሽ «በቀይዋ ነው የምሄድ» አለች። «ግን እኒያ ሽማግሌ በእጃቸው ጎማውን ካልገጠሙት ከዚህ ቤት አልወጣም።»

«እሳቸው እኮ ናቸው የተሳሳቱት፣ ልጄ» ቢሏት ምን ብትመልስ ጥሩ ነው?

«ማንም ሳይጠይቃቸው መጥተው ስህተታቸውን የነገሩን ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ታዲያ ከሳቸው ሌላ ማንን ልመን?»

አቶ ተሻለ ራሳቸው ቢቸና ወረዱ። ምን እንዳሏቸው አላውቅም፤ ብቻ ተያይዘው መጡ። ደረጀ የቀሩትን ሁለት ጎማዎች ከየት ከየት ብሎ አግኝቷል፤ አራቱም አንድ ዓይነት፣ አራቱም አዲስ። ጋሽ ይስማው እጃቸውን ታጥበው አራቱንም አንድ በአንድ ገጠሙ። ልረዳቸው ስጠጋ «ቁም እዚያ!» አሉኝ፤ ቆምኩ።

ሲጨርሱ ይታይሽ ቀሚሷን ሰብስባ ከፊት፣ ከደረጀ ጎን ገባች፤ በዚህኛው ቀን ቀበቶዋን ከሁሉ በፊት አሰረች። ከዚያ በመስኮት አንገቷን አውጥታ «ጋሽ ይስማው፣ ምን ይጠብቃሉ? ይግቡ እንጂ!» አለቻቸው። እኒያ ረዥም ሰው ጉልበታቸው አገጫቸው ሊደርስ ተጣጥፈው ከኋላ፣ ሙሽራው ጎን ገቡ፤ ሰው ሁሉ እየሳቀ እያጨበጨበ ነበር።

እኔ ከኋላ በሚኒባስ ተከተልኩ። መንገድ ላይ ካፊያ ጀመረ፤ ሚኒባሱ ውስጥ ዘፈኑ ቆመ፤ ሁሉም ወደ መስኮቱ ተጠጋ። ቀይዋ መኪና ያቺን መታጠፊያ ዝግ ብላ ያዘችና ጭራዋን ሳትነቀንቅ አለፈች። በኋላ መስኮቷ ይታየኝ የነበረው የይታይሽ እጅ ነው፤ ወደ ኋላ ዘርግታ የጋሽ ይስማውን እጅ ይዛ ነበር።